ቀኑ ያልታወቀ ተዝካር

1.
አቃቂ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሦስት የዕድር ሽማግሌዎች ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ቆሙ። የወታደሩ እናት ከፍተው አዩአቸው። "ማን ሞተ?" አላሉም። "ልጄን ምን አደረጋችሁት?" አሉ።

2.
ወሬው በደብዳቤ አልመጣም። አብሮት የሠለጠነ ጓደኛው ቆስሎ ከተኛበት ሆስፒታል ደወለ። የደወለውም ለወታደሩ አጎት ነው። አጎቱ ስምንት ቀን በሆዱ ይዞት ከረመ። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ የልጁ እናት ዘንድ ቡና ጠጥቷል። በሁለተኛው፣ "ምነው ልጄ አልደወለም?" ብለው ጠየቁት። "እዚያ ኔትወርክ የለም" አላቸው። ኔትወርኩስ እውነትም አልነበረም።

3.
ቴሌቪዥኑ "መስዋዕት ሆኑ" ይላል። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ "ሞት" ብሎ ጻፈ። እናቱ "ቀረ" ይላሉ። "እንደወጣ ቀረ።" እስከ ዛሬ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም።

4.
ጥቅምት ላይ የሰፈሩ ሴቶች ለሠራዊቱ ደረቅ ስንቅ አዘጋጅተው ነበር። በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ። እናቱ በሶውን ሲቋጥሩ "ማን ያውቃል፣ ለእሱ ይደርሰው ይሆናል" ይሉ ነበር። የለቅሶውን ንፍሮ የቀቀሉት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ብረት ድስቱም ያው የዕድሩ ነው።

5.
አባቱ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበሩ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ እሳቸውን ከዓመታት በኋላ በአፈሳ ወሰዳቸው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ተመለሱ። አሁን የፋብሪካ ጥበቃ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ስለ ጦርነት ሲያወሩ የሰማ የለም።

ልጁ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ጭነት ያወርድ ነበር። ተመዝግቤያለሁ ብሎ ሲነግራቸው "አትሂድ" አላሉትም። "ጫማህን ጠበቅ አድርገህ እሰር" አሉት። ለቅሶው ላይ የሚናገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ለመጣው ሁሉ። "ጫማህን እሰር ነው ያልኩት።"

6.
እናቱ ማንበብ አይችሉም። በየወሩ መጨረሻ የባንክ ደብተራቸውን ይዘው ይሄዱና ገንዘብ ሳያወጡ ይመለሱ ነበር። የሚፈልጉት ልጃቸው የላከው መግባቱን ነው። ገንዘቡ ከገባ ልጁ አለ። የኅዳር መስመር ባዶ ነው። ደብተሩን አሳይተውኛል፤ ጣታቸው ባዶውን መስመር አልሳተም።

7.
ኮሪያ ላይ የወደቁት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች 121 ተብለው ተቆጥረዋል። አንድም ምርኮኛ አልነበረም፤ ይህም ተጽፏል። ትግላችን ሐውልት ዘንድ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ምስል አለ።

ልጁ በቀረበት በሰሜኑ ጦርነት ስንት ወታደር እንደወደቀ መንግሥት ለሕዝብ የነገረው ቁጥር የለም። የአፍሪካ ኅብረት ልዑክ የነበሩት ኦባሳንጆ በጠቅላላው እስከ 600 ሺሕ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተናግረዋል። "እስከ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ስንት ቤት እንዳለ አስባለሁ።

8.
ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት። ጥቅምት 24 "አልረሳውም" እየተባለ ታስቧል። በዚያ ቀን የወላጆቹን ደጅ ያንኳኳ ሰው አላየሁም።

9.
ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ ለወደቁት ተዋጊዎች የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ለቤተሰቦቻቸውም መርዶ ተነገረ። እናቱ ዜናውን የሰሙት ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ቢላውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

10.
ለተዝካሩ ካህኑ የክርስትና ስሙንና ያረፈበትን ቀን ጠይቀው ነበር። ስሙን ነገሯቸው። ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም። የደወለው ጓደኛው ራሱ ቀድሞ ቆስሎ ስለነበር አላየም። ስለዚህ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም መርዶ ከተነገረበት ቀን ተቆጠረ።

"ከዚያ በፊት ስንት ቀን እንደሆነው አላውቅም" ይላሉ እናቱ። "አለ ብዬ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ የዋልኩባቸው ቀኖች ናቸው።"

መዝገብ የያዘ፣ ወይም በዓይኑ ያየ ሰው ይኖራል። ቀኑን ይንገራቸው። ቦታውንም።