ገምጋሚውም እኔ፣ መልስ ሰጪውም እኔ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ከንግድ ምክር ቤቱ ሕንፃ ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቀጥረውኝ ነበር። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ንግግራቸው ለዘብ ያለ ሰው ናቸው። በላስቲክ የታሰረ ሰማያዊ ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቡናው እስኪመጣ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራን። ከዚያ ሁለት ወረቀቶች አውጥተው ጎን ለጎን ዘረጉልኝ።

አንደኛው የጨረታ ቴክኒካዊ ግምገማ ማጠቃለያ ነው፤ ግርጌው ላይ የእኔ ፊርማ አለበት። ሁለተኛው ቅሬታቸውን ውድቅ ያደረገው ደብዳቤ ሲሆን የፈረሙት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ናቸው። ነጋዴው በሁለቱም ወረቀቶች ላይ በእርሳስ ያሰመሩበትን አንድ ዓረፍተ ነገር አሳዩኝ። ቃል በቃል አንድ ነው። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉኝ፣ «ይኼኛውንም የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት (ስሙ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም) የኔትወርክ ዕቃዎች ሊገዛ ጨረታ አወጣና የቴክኒክ ግምገማውን እንድናግዝ ሦስት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጠራን። ሥራው ሳይጀመር አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠን፤ ከተጫራቾች ጋር የሥጋ ዝምድናም ሆነ የጥቅም ግንኙነት እንደሌለን የምናረጋግጥበት። ኤንቨሎፖቹ ተከፍተው ሰነዶቹ ሲደርሱን የአንዱን ተጫራች የቴክኒክ ሰነድ ያዘጋጀው ሰው ስም ዐይኔ ውስጥ ገባ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፉን ያማከርኩት ተማሪዬ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በበዓል ቀን ደውሎ እንኳን አደረሰዎት ሳይለኝ አይቀርም። ቅጹን መልሼ አየሁት። ተማሪ ዘመድ አይደለም፤ ሸሪክም አይደለም። ስለዚህ ፈረምኩ፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም።

የልጁ ድርጅት አሸነፈ። ያልተገባ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ ወይ? ደጋግሜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ዛሬም ልከራከርበት እችላለሁ። የማውቀው ግን ይህን ነው፤ የእሱን ሰነድ ያነበብኩት የማምነው ሰው እንደጻፈው ነው፤ የሌሎቹን ያነበብኩት ስሕተት እየፈለግሁ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኃላፊው ደወሉልኝ። አንድ ተሸናፊ ተጫራች ቅሬታ አቅርቧል። «እርስዎ ያዩት ጉዳይ ስለሆነ መልሱን ቢያዘጋጁልን» አሉኝ በታላቅ ትሕትና። በአንድ ምሽት ጽፌ ላክሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጠየቄ ኮርቼ ነበር።

ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነው (ዛሬ በሌላ አዋጅ ተተክቷል)። በዚያ አዋጅ መሠረት ቅር የተሰኘ ተጫራች በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አቤቱታውን የሚያቀርበው በመጀመሪያ ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው፤ ካልረካ ወደ አቤቱታ አጣሪው ቦርድ ይሄዳል። ግዥ አጽዳቂ ኮሚቴውን የሚሰይሙት ደግሞ እኚሁ ኃላፊ ናቸው። የሕጉ አርቃቂዎች ምን እንዳሰቡ ይገባኛል፤ መሥሪያ ቤቱ ስሕተቱን በራሱ፣ በአጭር ጊዜና ያለ ብዙ ወጪ እንዲያርም ዕድል መስጠት ነው። ሆኖም የሾመው ሰው የፈረደውን ራሱ መልሶ እንዲያይ፣ ያም ካልበቃ መልሱን ፈራጁ እንዲጽፈው የሚያደርግ በር ተከፈተ። እኔ በዚያ በር ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም።

ከሜክሲኮ ትንሽ ወረድ ስንል ልደታ ፍርድ ቤት አለ። እዚያ ለሚያስችል ዳኛ ሕጉ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጥርት ያለ ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 በአንቀጽ 27 ዳኛ ከችሎት የሚነሣባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ከተከራካሪው ጋር ያለን የሥጋና የጋብቻ ዝምድና ብቻ ጠቅሶ አላቆመም። ቀደም ሲል በዚያው ጉዳይ በዳኝነት ወይም በአስታራቂነት የሠራም ይነሣል፤ ሌላ በቂ ምክንያት ያለበትም ይነሣል። እኔ ያን ቀን የሠራሁትን አንድ ዳኛ ቢሠራው ውሳኔው ይሻር ነበር። የእኔ ብዕር ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ወዲያና ወዲህ ሲያዘዋውር በእጄ የነበረው ያ አንድ ገጽ ቅጽ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች የጥቅም ግጭትን በዘመድ ብቻ አይለኩትም። የፌዴራል ግዥ ደንባቸው በድርጅት ደረጃ ሦስት ዓይነት ግጭት ያያል፤ ሌላው ያላገኘውን መረጃ ማግኘት፣ በኋላ ለሚወዳደሩበት ጨረታ መስፈርቱን ራስ ማውጣት፣ የራስን ሥራ ራስ መገምገም። ቅሬታውንም ገዢው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሊያየው ይችላል፤ በ100 ቀናት ውስጥም ይወስናል። ከአስፈጻሚው አካል ደመወዝ የማይቀበል ዳኛ ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም፤ ደንቡን የጻፉትም ስላልሆኑ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ ሙስና ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ትልልቁን ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲገልጹ አገር ጉድ አለ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጨረታ ካልወጣ ተሸናፊ የለም፤ ተሸናፊ ከሌለ አቤት የሚል የለም። ሰነዱን መስመር በመስመር የሚያነብ፣ ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርግቶ በእርሳስ የሚያሰምር ሰው የሚገኘው ከተሸናፊዎች መካከል ነው። መንግሥት አንድ ሳንቲም ሳይከፍለው ኦዲት የሚያደርግለት እሱ ነው። እኛ ግን «ነገረኛ» እንለዋለን።

«ታዲያ ለቦርዱ ለምን አላመለከቱም?» አልኳቸው ነጋዴውን። ፈገግ አሉ። «ዶክተር፣ ይቺን ብረታ የሚቀጥሉትን አሥር እሸነፋለሁ።» ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ ጫጫታው እስኪያልፍ ጠበቅን። ይህ አደባባይ ስሙን ያገኘው የኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ካለችው አገር መሆኑን ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አያውቁም። በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ የተሰየሙት ታላላቅ ፈራጆች ከወራሪዋ ጋር የየራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው፤ ሜክሲኮ አልነበራትም። ይህን ያን ቀን አላሰብኩትም፤ አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ።

ስለ ተማሪዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ምን ያገዳቸው እንደነበር እንጃ፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሒሳብ ሲመጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እንደ ወጉ ይከላከሉኛል ብዬ ነበር። ፋይላቸውን በላስቲክ እያሰሩ «እርስዎ ይክፈሉ» አሉኝ። «እኔ ከከፈልኩ ነገ ሌላ ጨረታ ላይ ብንገናኝ የጥቅም ግንኙነት ይባላል።» ሣቅን፤ እኔ ግን ከልቤ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ለተመሳሳይ ሥራ ጠራኝ። ያው ዓይነት ቅጽ መጣ። ከተጫራቾቹ የአንደኛው ሠራተኛ ተማሪዬ እንደነበር ከፊርማዬ በላይ በእጅ ጽሑፍ አከልኩበት። ቅጹን የተቀበለችኝ ልጅ አነበበችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ይኼ እኮ አልተጠየቀም፤ ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው» አለችኝ፤ ለእኔው አስባ ነው። ንጹሕ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። እሱንም እንደ ቀድሞው አድርጌ ሞላሁት።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ አልተደወለልኝም።