ፊሽካው
እኛ ቤት በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ምክንያት መከራከር ከጀመርን ቆየን። ባለቤቴ ይወዳቸዋል። የ19 ዓመቱ የበኩር ልጄ ተቀይሟቸዋል። እኔ ኳስ ብዙም አላውቅም፤ ስለ ሰውየው ግን የምለው አለኝ።

በወጣትነታቸው ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ ተጫዋች ነበሩ። ዛሬ መቐለ ውስጥ አንድ ታዳጊ ብትጠይቁ ግን ስለ አጨዋወታቸው የሚነግራችሁ አታገኙም። ስማቸው የሚነሳው በአሰልጣኝነታቸው ነው። በ2010 ገና ከታች ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ይዘው የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሱ። ጅማ ደስታውን ሳይጨርስ ወደ እኛ መጡ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ሊጉን በተቀላቀለ በሁለተኛ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያውም እስከ መጨረሻው ጨዋታ ሳይለይ ቆይቶ። ባለቤቴና ልጄ ያን ዕለት ድምፃቸው ተዘግቶ ነው የገቡት። ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። ጀግናው ኮከብ ግብ አግቢው አማኑኤል ገብረሚካኤል ነው። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው አሰልጣኙ ላይ ነበር። ተጫዋች ቢደክመው ተቀይሮ ይወጣል። አሰልጣኝ አንድ ኳስ ሳይነካ የሁሉንም ሐሳብ ተሸክሞ ይቆማል። ድግስ ደግሳ አንዴ እንኳ ሳትቀመጥ የምትውል ሴት ይህ ይገባታል።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ኮሮና ሊጉን አቋረጠው፤ በ2013 ጦርነቱ መጣ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ጠፉ። ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። ልጄ በእነዚያ ዓመታት ከ14 ወደ 18 አደገ። ተጫዋች የሚሠራው በዚህ ዕድሜ ነው ይላሉ የሚያውቁት።

ክለባችን በተመለሰበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን መድን ወሰደ። አሰልጣኙ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ገብረመድህን! ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። «የእኛ ነበሩ እኮ» ይላል ልጄ። ክፋታቸው አይታየኝም። አሰልጣኝ ሻንጣውን አዘጋጅቶ የሚኖር ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ደግሞም ሁልጊዜ አልቀናቸውም። በ2016 ብሔራዊ ቡድኑን ተረክበው፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳያሳልፉት ተለያይተዋል። ይህንንም ለልጄ አልደበቅኩትም፤ ዋንጫ ዋንጫውን ብቻ ብነግረው አያምነኝም።

ለምን ይህን ሁሉ እንደምነግረው ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ጉልበቱን ተጎዳ። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ እንዳይጫወት ከልክሎታል። የሰፈራችን ታዳጊዎች አሰልጣኝ ይህን ሰምቶ ቤታችን መጣና «ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹን ያሠራልኝ» ብሎ አንድ ፊሽካ አስቀምጦ ሄደ። ልጄ አልነካውም።

«አደይ፣ ፊሽካ ይዞ ዳር መቆም እኮ መጫወት ያቃተው ሰው ሥራ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ገብረመድህን ምን አቅቷቸው ነው?» አልኩት።

«እሳቸው መጀመሪያ ተጫውተዋል። እኔ መቼ ተጫወትኩ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ከየት አምጥቼ ልስጠው? ቡናውን ቀድቼለት ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሕፃናቱ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ያያል። ድንገት «ያ ትንሹ ተከላካይ እኮ የቆመበት ቦታ ልክ አይደለም፤ ማንም አይነግረውም እንዴ?» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ እኔን አላየኝም። ፊሽካው እስካሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ አቧራውን ግን እኔ አልጠረግኩትም።