በመርከብ ስለ መቅረት፤ የሱዌዝ ካናል

በመርከብ አገር ለማየት የሚጓዙ ሰዎች ወደብ በደረሱ ጊዜ ሁሉ መውረድን እንደ ግዴታ ይቈጥሩታል፤ በመርከቡ የቀረውንም ሰው እንደ ሰነፍ ያዩታል። በሱዌዝ ካናል ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ፍርዱ ሌላ ሊሆን ይገባል።

የቆየው ልማድ እንዲህ ነው። ከቀይ ባሕር የመጡት በሱዌዝ ወርደው በአውቶሞቢል ካይሮ ይገባሉ፤ የጊዛን ፒራሚድ አይተውም በፖርት ሳይድ ከመርከባቸው ይገናኛሉ። ይህም ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የፀሐይና የአቧራ መንገድ ነው። ወጣት ይችለዋል፤ በዕድሜ የገፉትን እናት ግን ልጆቻቸው «ፒራሚድ ሳያዩ እንዴት ይመለሳሉ» እያሉ ባያስጨንቋቸው መልካም ነው።

የቀሩትስ ምን ያያሉ? በ1862 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቦይ ዛሬ 193 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የሁለቱ ባሕሮች ከፍታ እምብዛም ስለማይለያይ እንደ ፓናማ ካናል የውሃ በር የለበትም። መርከቡ ዳሩን ማዕበል እንዳይንደው በዝግታ ስለሚሄድ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይፈጅበታል። በስተቀኝ የሲና ምድረ በዳ ይታያል፤ በስተግራ ከዓባይ በተጠለፈ ውሃ የለማ እርሻ አለ፤ ያገራችንን ወንዝ በዚያ ማግኘት ለእኛ ሰው እንዴት ደስ ያሰኛል! ከፊት የቀደመው መርከብ በአሸዋ ላይ የሚራመድ ይመስላል።

ከዚያ ታላቁ መራራ ሐይቅ ይደረሳል። ወደ ካይሮ የወረደው ይህን አያየውም። ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ካናሉ በጦርነት ምክንያት በተዘጋ ጊዜ 14 የንግድ መርከቦች በዚሁ ሐይቅ ታስረው ቀርተው ነበር፤ ባሕረኞቹም ቀኑን ለማሳለፍ በእጃቸው ቴምብር እየሠሩ ወደየአገራቸው ደብዳቤ ይልኩበት ነበር።