ማኅተም ያለበት ጉርድ

በአሰላ ከተማ ባደግሁበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ክፈፍ ተሰቅሎ ነበር። ከመስተዋቱ ሥር የክርስትና፣ የሠርግና የትምህርት ቤት ፎቶግራፎች ተደርድረው፣ በጠርዙም ዙሪያ ጉርዶች ተሸጕጠው ይታዩ ነበር። እንግዳ በገባ ጊዜ እናቴ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ማን ማን እንደ ሆነ በጣቷ እያመለከተች ታስረዳ ነበር። ስለዚህ ፈረንጆች «ኮላዥ» የሚሉትን ጥበብ፣ ስሙን ከመስማታችን በፊት ሥራውን እናውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ከጭላሎ በኩል ኀይለኛ ዝናም በወረደበት በአንድ ክረምት ግን ጣራው አፈሰሰ፤ በክፈፉም ውሃ ገብቶበት ፎቶግራፎቹ ከመስተዋቱ ጋራ ተጣብቀው ተበላሹ። ከአባቴ መልክ የተረፈን፣ በአሮጌው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው፣ ሐምራዊ ማኅተም ትከሻቸው ላይ ያረፈበት ጉርድ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተነሣነው ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ተከቶ ቀረ። እናቴ ደግሞ ዓይኗ ስለ ደከመ በስልክ ማየት አይሆንላትም፤ ጣቷም በነካው ቍጥር ሥዕሉ ይሸሽባታል። ስለዚህ የአባቴ ሙት ዓመት ሳይደርስ አዲስ ክፈፍ ልሠራላት አሰብሁ።

አርባ ፎቶግራፍ አንድ በአንድ በፎቶ ቤት ማሳተም ከደመወዜ ጋራ የሚስማማ ሆኖ ስላላገኘሁት በቤቴ ለማተም ቈረጥሁ። መፍትሔውም ማሳነስ ነበር። ፎቶግራፍ በአገራችን አስቀድሞ የታላላቆች ነበር፤ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ነበሩ ይታወቃል። በፈረንጆች አገርም ቢሆን ለብዙው ሰው የደረሰው በማነሱ ነው። ዲዝዴሪ የተባለው የፓሪስ ፎቶግራፍ አንሺ በ1854 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ትንንሽ ሥዕል የማንሣት ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ከአንድ ሰሌዳ ስምንት ሥዕል ማውጣት ስለ ተለመደም ዋጋው ረከሰ።

እኔም ይህንኑ ፈለግ ተከተልሁ። ኤ አራት የሚባለው ወረቀት ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ 4 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 20 ሥዕሎችን ይይዛል፤ ለአርባው ሁለት ወረቀት ይበቃል ማለት ነው። ከባልደረባዬ ባለ ቀለም ፕሪንተር ተውሼ በመጀመሪያ በተራ ወረቀት ብሞክር፣ ወረቀቱ ቀለሙን እየጠጣ ፊቶቹን ሁሉ አደበዘዘብኝ። የፎቶ ወረቀት ግን ላዩ የተቀባ ስለ ሆነ ቀለሙን ባለበት ይይዘዋል። አትሜም አንድ ቀንና ሌሊት አደረቅሁት፤ በምላጭና በማስመሪያ ቈረጥሁት፤ የፊተኛው ጥፋት እንዳይደገምም በፎቶግራፎቹና በመስተዋቱ መካከል ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ አበጀሁ።

የአባቴን ጉርድ ከመታወቂያው ለመላጥ አልደፈርሁም። በመስኮት ብርሃን በስልክ አነሣሁትና፣ ያሳመርሁ መስሎኝ ማኅተሙን ከትከሻቸው ላይ አጠፋሁት።

እናቴ ክፈፉን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ብዙ ተመለከተች። የልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራች። አባቴ ዘንድ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ።

«ማኅተሙን የት ጣልኸው፣ ልጄ?» አለችኝ።

እንዳስጠላባቸው ማጥፋቴን ነገርኋት።

«ከገጠር መጥተን የዚህ ከተማ ሰው የተባልነው በዚያ ማኅተም ነው። አባትህ ለፎቶው ኮት ከወንድማቸው ተውሰው፣ እኔ አንተን አዝዬ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈን ዋልን። ኮቱ የሰው ነው፤ የራሳቸው ማኅተሙ ነበር» አለች።

እኔ እድፍ ነው ብዬ የፋቅሁት፣ ለእርሷ ከፎቶግራፉ ሁሉ የከበረው ክፍል ነበር። ስለ አባቴ የማላውቀውን ይህን ታሪክ ያገኘሁትም በስሕተቴ ምክንያት ነው። በዚያው ምሽት ጉርዱን ከነማኅተሙ እንደ ገና አተምሁት።

አንባቢ ሆይ፣ በስልክህ ውስጥ ያለውን የቤተ ሰብህን መልክ ሳይጠፋ በጥቂት ወጪ በወረቀት አውጣው፤ ትንሽም ቢሆን ይበቃል። ነገር ግን ከአሮጌ ሥዕል ላይ አንዳች ነገር ከማጥፋትህ በፊት በቤትህ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቅ። ዛሬ እናቴ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ለእንግዶቿ ማስረዳቷን እንደ ቀድሞው ቀጥላለች፤ የምትጀምረውም ከማኅተሙ ነው።