በከላላ የሚጠጣው ሦስተኛው ስኒ

ከደሴ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፤ በቦረናና በወግዲ አጠገብ፤ ከላላ የሚባል የወሎ አገር አለ። አገሩ ሜዳና ገደል የተቀላቀለበት፤ ውሃውም ወደ ዓባይ የሚወርድ፤ ሕዝቡ እስላምና ክርስቲያን ሳይል ተጎራብቶ በልቅሶና በሠርግ የሚረዳዳ ነው። በደጋው ላይ ገብስና ስንዴ፤ ባቄላም ይበቅላል፤ ቡና ግን ውርጩ ስለማይስማማው አይበቅልም። ይሁን እንጂ ቡና የሚበቅልበት አገር ሰው እንኳ ከከላላ ሰው ይልቅ ቡናን አክብሮ ይጠጣል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

እኔ ወደዚህ አገር የሄድሁት ለሽርሽር አልነበረም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከታናሽ ወንድሙ ጋራ በአንድ የባሕር ዛፍ ደን ምክንያት ተቀያይመን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጥንም ነበር። ደኑን ልሸጥ ከአንድ የመካነ ሰላም ነጋዴ ቀብድ ስለ ተቀበልሁ፤ ነገሩን በጧት ጨርሼ በስምንት ሰዓት በሚነሣው መኪና ወደ ነጋዴው ለመሄድ አስቤ ነው የመጣሁት። በሻንጣዬም ውስጥ አንድ ወዳጄ ከቻይና ያመጣልኝ ቢጫ ሻይ በትንሽ ቆርቆሮ ነበረ።

አባቴ በሕይወቱ ሳለ እንደ እናቱ የሚያከብራቸው አንዲት እስላም ባልቴት ጎረቤት አሉ። መምጣቴን በሰሙ ጊዜ «ቡና ሳትጠጣ ከማንም ጋራ ነገር እንዳትጀምር» ብለው ላኩብኝ። እኔም ሻዩን ለእጅ መንሻ ይዤ ሄድሁ። ከቤታቸው ስገባ ግን አጎቴ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እሱንም እንዲሁ ጠርተውት ኖሯል።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች የሆናችሁ እመቤቶች ቡና ማፍላትን ከእኔ እንደማትማሩ ዐውቃለሁ። ነገር ግን የባልቴቲቱን እጅ ያየ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም። ቡናውን ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠቡት፤ በምጣዱም ላይ ሳያርፉ እያመሱ ቆሉት፤ ተንጣጥቶ ወዙ ብቅ ባለ ጊዜ፤ ሳይከስል አወጡት። ጢሱንም ለእያንዳንዳችን አዞሩልን፤ እኔና አጎቴም በአንድ ጢስ ላይ እጃችንን ዘረጋን። ከዚያ በኋላ በሙቀጫ ወቅጠው ጀበናው ውስጥ ጨመሩት፤ ሊገነፍል በቀረበም ጊዜ አውርደው በማቶቱ ላይ አስቀመጡትና እስኪሰክን ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ሰዓቴን እመለከት ነበር። «አብሽር ልጄ፤ ያልሰከነ ቡና አይቀዳም» አሉኝ።

ስኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ሞልተው እጣኑም ከጤሰ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሚን አልን። አቦሉ እንደ ገጠሩ ልማድ ጨው የነካው ነበር፤ ከገብስ ቆሎ ጋራ ጠጣነው። በአቦሉ ላይ አጎቴ አንድ ቃል አልተናገረም።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ በእስላም ቤት ቡና ሲጠጣ ማየት ዛሬ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በቀድሞ ጊዜ ግን ቡና ከጫትና ከትምባሆ ጋራ የእስላም ምልክት ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነቀፈ ነበረ። ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ. ም. ጉባኤ ተደርጎ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን እስላሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ባዘዙ ጊዜ አገሩ ብዙ መከራ አየ። ኋላ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸው፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ማለዘባቸው ነቀፌታውን እያስቀረው ሄደ። እንግዲህ የአጎቴ አያት ምናልባት ከዚያ ስኒ ባልቀመሱ ነበር።

ሁለተኛው ቶና ተቀዳ። ቶና ማለት በዚያው በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚፈላው ነው። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው ይባላል፤ አቦል መጀመሪያ፤ ቶና ሁለተኛ፤ በረካም በረከት ማለት ነው። በቶናው ላይ አጎቴ አፉን ከፈተ፤ የተናገረው ግን ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ ጎረቤቲቱ ላም ብቻ ነበረ። እኔም የመኪናው ሰዓት ስለ ደረሰ ተነሥቼ ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። ባልቴቲቱ ዐይናቸውን ከጀበናው ሳያነሡ «በረካውን ጥለኸው? ምርቃቱንስ ለማን እንስጠው?» አሉ። ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያስቀመጠኝ እፍረት እንጂ ትዕግሥት አልነበረም።

በረካ የጣመ ቡና አይደለም። መልኩ የሳሳ፤ ኃይሉም የደከመ ነው። አጎቴ ይኸን ስኒ በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለ፤ «ያን ባሕር ዛፍ እኔና አባትህ በአንድ ክረምት ተከልነው። እሱ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ እኔ ችግኝ አቀብለዋለሁ። ገንዘቡን አልፈልግም፤ ሳትነግረኝ መሸጥህ ነው ያቈሰለኝ።» ከዚህ በኋላ የተናገርነውን ሁሉ ለጋዜጣ አልጽፈውም። መኪናው ግን ሄደ፤ እኔም አደርሁ።

ማታ ያንን የቻይና ሻይ ከፈትነው። ቢጫ ሻይ በቻይና ከሚሠሩት የሻይ ዓይነቶች ሁሉ ጥቂት የሚገኝ ሲሆን፤ ዋና ዋናዎቹ በሲችዋን የመንግዲንግ ተራራ፤ በአንሁይ የኹዎሻን፤ በሁናንም የጁንሻን ናቸው። የእኔው በዶንግቲንግ ሐይቅ ውስጥ ካለችው ከጁንሻን ደሴት የመጣው፤ የብር መርፌ የሚባለው ነበረ። በፀደይ ወራት ያልተከፈተው እንቡጥ ብቻ ይለቀማል፤ በምጣድም በቀላል እሳት ይታመሳል። ከዚያም ሙቀቱና እርጥበቱ ሳይለቀው በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እየተፈታም ደግሞ በእሳት ይነካል፤ እንደ ገና ይጠቀለላል። ይህ ሦስት ቀን ያህል ይፈጃል፤ እንቡጡም ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል፤ የአረንጓዴ ሻይ የሣር ጠረንም ይጠፋለታል።

ይኸን ሻይ ለመጠጣት የሚፈልግ ሰው በፈላ ውሃ አያቃጥለው፤ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይበቃዋል። በከፍተኛ ቦታ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፤ ለምሳሌ በ2,500 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላልና፤ ደገኛ ውሃውን ከእሳት አውርዶ ጥቂት ቢያቈየው ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ግራም ያህል ይጨመራል፤ ብርጭቆው በኩል የሚያሳይ ይሁን፤ ከደስታው ግማሹ በዐይን ነውና። መርፌዎቹ መጀመሪያ ይንሳፈፋሉ፤ ውሃ ሲጠጡ ቀጥ ብለው ቆመው ይወርዳሉ፤ አንዳንዱም እንደ ገና ይወጣል። ቻይኖች መልካሙ ሻይ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይወርዳል ይላሉ። ስኳርም ወተትም አይገባበትም፤ ሲጠጣም ሲሶው ሲቀር ውሃ ይጨመርበታል፤ እንዲሁ ሁለትና ሦስት ጊዜ።

ባልቴቲቱ ብርጭቆውን ወደ ኩራዙ አቅርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ቀምሰውም «ጨው የለውም?» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከሁለተኛው ውሃ በኋላ ግን «እነሱም አቦልና ቶና አላቸው በለኛ» ብለው ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩ። አጎቴ አልወደደውም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጠጣው።

በማግሥቱ ቀብዱን ልመልስ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ አጎቴ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ነጋዴው ተቈጣ፤ የሚቈጣበትም ምክንያት ነበረው። ከከላላ በኋላ በደረሰኝ መልእክት፤ ሻዩ አልቆ ባልቴቲቱ በቆርቆሮው የተቈላ ቡና ያኖሩበት ጀመር።