ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው?

በአል ባጢን፣ የእንጨት ጀልባ ከሚሠራበት ግቢ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከማኅበራችን አባላት አራታችን በደባልነት የምንኖርበት አንድ ክፍል አለ። ክፍሉ ለአራት ሰው ይጠባል፤ ቢሆንም አንደኛው ጓደኛችን ሁለት የሸክላ ማጫወቻና አንድ ኮምፒዩተር ከነድምፅ ማጉያው አስገብቶበታል። ሂፕ ሆፕ ያቀናብራል፤ ዲጄም ነው። አሳታሚም ሆነ ቀጣሪ የለውም። የሠራውን ራሱ ያወጣል፤ ኪሳራውንም ራሱ ይችላል። የመብራቱን ሂሳብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አራታችንም እንካፈላለን።

ይኸው ጓደኛችን ለማኅበሩ የአዲስ ዓመት ዝግጅት አንድ ሥራ አሰናዳ። መሠረቱ ከአሮጌ የአማርኛ ሸክላ የተቆረጠች፣ አራት ሴኮንድ የማትሞላ የሳክስፎን ዜማ ነበረች። ከበሮ ገባባት፤ ደጋግማ ዞረች፤ ሁላችንም ወደድናት። በዚያው ሰሞን፣ በሰፈሩ በአንድ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና እኛ እትዬ የምንላቸው እናት በዕረፍት ቀናቸው ቡና ሊያፈሉልን መጥተው ሰሟት። «ልጆቼ፣ ሸክላው ተጭሯል መሰለኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ይዞታል» አሉ። ሳቅን። ቀጥለው «ለመሆኑ ይህን የሚነፋው ማን ነው?» ሲሉን ግን የሚመልስ ጠፋ።

ከዚያች ዕለት ወዲህ ክርክር ገባን። ከፊላችን መቁረጥና መቀጠል የሂፕ ሆፕ ነፍሱ ነው አልን። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን የሸክላ ክፍል እያስረዘመ ጎረምሳውን ሲያስጨፍር ማንንም አላስፈቀደም። የእኛም ሙዚቃ ቢሆን ከዚህ አላመለጠም፦ አሜሪካዊው አቀናባሪ ኦ ኖ በ2009 ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ አንድ ሙሉ አልበም አውጥቷል፤ ናስና ዴሚየን ማርሊም በ2010 በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ዘፍነዋል።

ሌሎቻችን ደግሞ አምሃ እሸቴን አነሳን። በራሱ የቆመ አሳታሚ ወደ ሀገራችን የመጣው ከሂፕ ሆፕ ጋር አይደለምና። በ1948 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ የሙዚቃ መደብር ያለው ወጣት ነበር፤ ሊያስቀጣው እንደሚችል እያወቀ በ1969 ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ አወጣ። በሀገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ስላልነበረ የተቀረጸው ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። በ1975 ደርግን ሽሽት ወደ አሜሪካ እስኪሰደድ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አሳተመ። በ2021 ዐረፈ። እንግዲህ እኛ በአንድ ጣት የምንቆርጣት አራት ሴኮንድ በዚህ ዓይነት ድፍረትና ገንዘብ የተገኘች ናት።

ጓደኛችን ግን ዝም አላለም። «አምሃን እናንተም አወቃችሁት፤ ነፊውንስ?» አለ። በዚህ ረታን። በብዙዎቹ ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም ጎልቶ ሲታይ አጃቢዎቹ የሉም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአሳታሚውም ለተጫዋቹም የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል፤ ለዜማው ደራሲ ደግሞ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈን ሰው በየትኛው አድራሻ ፈልገን እናስፈቅደው?

በበዓሉ ማታ ጓደኛችን ያን ሥራ አላሰማም። በምትኩ አሮጌውን ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይነካው አጫወተ። አዳራሹ በእስክስታ ሞቀ። እትዬ አልነበሩም፤ የዚያን ቀን ፈቃድ አላገኙም።

ሥራው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሸክላው በክፍላችን አለ። ከአንባብያን መካከል የዚያን ዘመን ነፊዎች በአነፋፈሳቸው መለየት የሚችል ቢኖር፣ ማክሰኞ ማታ ሁላችንም ቤት ነን።