«ድገመው» ሲባል

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጅ ባዶ ጠርሙስ ለማንሳት አይቸኩልም። ጠረጴዛው ላይ ወይም ከእግር ሥር ይደረድረዋል፤ ኋላ ሂሳብ የሚሠራው እሱን ቆጥሮ ነዋ! ስለዚህ ማን ስንት እንደጠጣ ከአስተናጋጅ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘጠነኛውን ቢራ ያዘዘው ሰውዬ የመኪናውን ቁልፍ ስልኩ ላይ ደርቦ እንዳስቀመጠም አስተናጋጇ ታያለች።

ታዲያ ለምን ዝም ትላለች? ደመወዟ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም፤ የሚያኖራት ቲፕ ነው። ቲፕ ደግሞ ሞቅ ካለው ሰው ኪስ ይወጣል። «ይበቃዎታል ጋሼ» ብትል፣ «የምከፍለው እኔ ነኝ አንቺ?» ይላታል። ባለቤቱም ከባንኮኒው ማዶ «ደንበኛ አታስቀይሚ፣ ስጪው!» ይላል። ያው ደንበኛ ሳይከፍል ሹልክ ሲል ግን ዕዳው የማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አለዚያም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዟ ከሲሶ ማለፍ የለበትም። «ከደመወዝሽ ላይ ቆርጬዋለሁ» የሚል ቁጣ ከነዚህ አንዱም አይደለም።

የዕድሜውም ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ልደት ሊያከብሩ የመጡ ጎረምሶችን «መታወቂያ» ያለች አስተናጋጅ ግን መሳቂያ ትሆናለች፤ ይባስ ብሎ ባለቤቱ የአንዱ አባት ወዳጅ ሆኖ ይገኛል።

ቤታችን እንግዳ ሲመጣ «በሞቴ» እያልን የምንጋብዘው በፍቅር ነው፤ ይሁን። ለሽያጭ ሲሆን ግን እምቢ የማለቱን ሸክም ትሪ በያዘችው ልጅ ላይ መጣል ነውር ነው። ባለቤቱ ማታ ሥራ ሳይጀመር «ለሰከረ ሰው አንቀዳም፤ ውሃ ስጡት፣ ምግብ ጋብዙት፣ ራይድ ጥሩለት» ብሎ ይናገር፤ ግድግዳ ላይም ይለጥፈው። ያኔ ልጅቷ «የቤቱ ደንብ ነው» ብላ ትገላገላለች። ሰካራም ከደንብ ጋር ብዙ አይጣላም፤ የሚጣላው ከሰው ጋር ነው።

አስተናጋጆች ሆይ፣ «ውል አልፈረምሽም» እያለ የሚያስፈራራ ካለ፣ በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብም በሕጉ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም። ብቻ አትዘግዩ፤ ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው።